መንገዱ ቢቀየርም ተራው እንዳይጠፋ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ አበው። ውድ የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎችና መምህራን፣ እኔም ዛሬ አንድ ነገር ከሥሩ ልጀምርና ቀስ እያልኩ ወደ ሙያችን ይዤው ልምጣ። ገና ሲጀመር «ይሄ ጽሑፍ የምህንድስና ልጆች መጽሔት ላይ ነበር መውጣት ያለበት» እንዳትሉኝ። ነገሩ የስልክና የዋይፋይ ይምሰል እንጂ ውስጡ የእኛው የዜና ጉዳይ ነው።

ጥያቄው እንዲህ ነው። ሁለት ስልኮች በመካከላቸው የነበረውን አገናኝ ትተው በቀጥታ መነጋገር ሲጀምሩ፣ የሚላላኩት ነገር ተራውን ጠብቆ እንዲደርስ የሚያደርገው ማነው?

የእኔ ሰፈር አዲሱ ገበያ ነው። ጠዋት ጠዋት ወደ ፒያሳ ለመሄድ የታክሲ ሰልፍ እይዛለሁ። ሰልፉ ሲረዝም ያማርራል፤ ግን አንድ ጥሩ ነገር አለው። ተራ አስከባሪው እስካለ ድረስ ከኋላ የመጣ ከፊት የቆመውን አይቀድምም። እንግዲህ ከሰልፉ ጫፍ ላይ የቆመ አንድ ሰው የሚያውቀው ባለመኪና ድንገት ቆሞለት «ና ግባ» ቢለው ምን ይሆናል? ሰውየው ከፊቱ የነበሩትን ሃያ ሰዎች ጥሎ ፒያሳ ይደርሳል። ተራ አስከባሪው አላጠፋም፤ ባለመኪናውም ደግ ነው የሠራው። ፒያሳ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ግን አዲሱ ገበያ ላይ ማን ከማን በፊት ተሰልፎ እንደነበር በምንም መንገድ ሊያውቅ አይችልም።

የሰው ተራ ቢዛባ ቢበዛ ያነጫንጫል። የቃል ተራ ሲዛባ ግን ሌላ ነው። በሰፈራችን አልፎ በሱሉልታ በኩል ወደ ጎጃም የሚወስደውን መንገድ ታውቁታላችሁ። እንበልና በፊት ጊዜ፣ ደብዳቤ በሰው እጅ በሚላክበት ዘመን፣ አንድ ልጅ ደብረ ማርቆስ ላሉት ዘመዶቹ ሰኞ ዕለት «አባባ ታመው ሐኪም ቤት ገብተዋል» ብሎ ጽፎ በአውቶቡስ ሾፌር ላከ። ረቡዕ ደግሞ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተሽሏቸው ወጥተዋል» ብሎ ጻፈና በግል መኪና ለሚሄድ ዘመድ ሰጠ። አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቆመና የረቡዑ ደብዳቤ ቀድሞ ገባ። ቀን ካልተጻፈባቸው ምን ይከተላል? ዘመዶቹ መጀመሪያ እልል ይላሉ። በማግስቱ የሰኞው ሲደርሳቸው «ወይኔ፣ አገረሸባቸው!» ብለው ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ አዲስ አበባ ይነሳሉ። ሁለቱም ደብዳቤ እውነት ነው። አንድ ቃል አልጎደለም፣ አንድ ቃልም አልተጨመረም። የተዛባው ተራው ብቻ ነው፤ ተራው በመዛባቱ ግን ሁለት እውነቶች ተደምረው አንድ ውሸት ወለዱ።

አየሩ ላይ ያለው ሰልፍ

ይኸው ነገር ስልኮች ላይም እንደሚደርስ የነገረኝ ኤሌክትሪካል ምህንድስና የሚማር የሰፈራችን ልጅ ነው። እንደሚከተለው አስረዳኝ።

አንድ ካፌ ውስጥ በአንድ ዋይፋይ ላይ ያሉ ሁለት ስልኮች ጎን ለጎን ቢቀመጡ እንኳ፣ በተለመደው አሠራር የሚላላኩት ነገር ሁሉ መጀመሪያ ወደ ራውተሩ ይሄዳል፤ ከዚያ ነው ወደ ሌላኛው ስልክ የሚመለሰው። አጠገባችሁ ለተቀመጠ ሰው ጨው ለማቀበል አስተናጋጁን ጠርታችሁ እንደመላክ ማለት ነው። እያንዳንዱ ነገር አየሩን ሁለት ጊዜ ስለሚይዘው ጊዜም ይባክናል። ይህን ለማሳጠር አይ ትሪፕል ኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ ማሻሻያ አጸደቀ፤ ቁጥሩ 802.11 ዜድ፣ መጠሪያው ደግሞ ቲዲኤልኤስ ነው። ሁለቱ መሣሪያዎች «በቀጥታ እንነጋገር ወይ?»፣ «እሺ»፣ «በቃ ተስማማን» የሚሉ ሦስት መልእክቶችን በራውተሩ በኩል ይለዋወጣሉ። ራውተሩ ግን እንደ ማንኛውም ዕቃ ያቀብላል እንጂ ውስጡ ምን እንዳለ አያውቅም። ከዚያ በኋላ ከራውተሩ ሳይለያዩ እርስ በርስ ይገናኛሉ። ከተራራቁና ሲግናሉ ከደከመ ደግሞ ወደ ራውተሩ ይመለሳሉ። በዚያው ዓመት ዋይፋይ ዳይሬክት የሚባለውም ይፋ ሆኗል፤ በእሱ ራውተር ጭራሽ ሳያስፈልግ አንደኛው ስልክ ራሱ የራውተሩን ሥራ ይይዛል።

እስከዚህ ድረስ ደስ ይላል። ችግሩ ያለው መንገዱ በሚቀየርበት ቅጽበት ላይ ነው። ዘፈንም ሆነ ፎቶ ሲላክ እንዳለ አይሄድም፤ ፓኬት በሚባሉ ትናንሽ ቁርጥራጮች ተከፋፍሎ ነው የሚጓዘው። እንበልና 40 ፓኬት በራውተሩ በኩል ተልኳል። ተቀባዩ ስልክ ባትሪ ለመቆጠብ አሸልቦ ስለነበር የመጨረሻዎቹን 10 ራውተሩ አስቀምጦለታል። በዚህ መሐል ቀጥታው መስመር ተከፈተና 41ኛው በእሱ በኩል ተላከ። 41ኛው 31ኛውን ቀደመው ማለት ነው። ከታክሲ ሰልፉ መጨረሻ ተነስቶ በሰው መኪና እንደሄደው ሰውዬ።

እኔም «ታዲያ ቁጥር የላቸውም እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀና «አላቸው እኮ፤ ጉዱ እዚያ ላይ ነው» አለኝ። ዋይፋይ ለሚልካቸው ነገሮች ከ0 እስከ 4095 ቁጥር ይሰጣል፤ ሲያልቅ እንደገና ከ0 ይጀምራል። ነገር ግን ይህን ቁጥር የሚሰጠው በየእርከኑ የሚልከው መሣሪያ ነው። ስልኩ ለራውተሩ ሲልክ የራሱን ቁጥር ይሰጣል፤ ራውተሩ ሲያሳልፍ የስልኩን ቁጥር ትቶ የራሱን ይሰጣል። ስለዚህ በራውተሩ በኩል የመጣው «ቁጥር 7» እና በቀጥታ የመጣው «ቁጥር 7» ምንም ዝምድና የላቸውም። አዲሱ ገበያ ላይ የተቆረጠ የሰልፍ ቁጥር ዊንጌት ላይ ለተያዘ ሰልፍ እንደማይሠራው ሁሉ፣ መንገዱ የሰጠው ቁጥር መንገዱ ሲቀየር አይጠቅምም።

መሐንዲሶቹ ለዚህ መላ አላጡም። አንደኛው መላ መታገስ ነው፤ ላኪው በአሮጌው መንገድ የላከው ሁሉ እስኪያልፍ ድረስ በአዲሱ ምንም አይልክም። ሁለተኛው ምልክት ማድረግ ነው፤ በአሮጌው መንገድ «የመጨረሻው ይህ ነው» የሚል ምልክት ይላካል። ተቀባዩ በቀጥታ የመጣለትን ቋት ውስጥ ይዞ ምልክቱን ይጠብቃል። ምልክቱ ራሱ መንገድ ላይ ሊጠፋ ስለሚችል ግን ገደብ ያስቀምጣል፤ ለዘላለም አይጠብቅም። ሦስተኛውና ትልቁ መላ ላኪው ራሱ ከመነሻው፣ በውስጥ በኩል፣ ቁጥር እንዲሰጥ ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በዝርዝር የተደነገገውና እስከ ዛሬ ኢንተርኔትን የተሸከመው ቲሲፒ የሚሠራው እንዲህ ነው። በመሐል ራውተር ኖረ አልኖረ፣ በየትኛው በኩል መጣ፣ ተቀባዩ የውስጡን ቁጥር እያየ መልሶ ያሰልፈዋል።

ይህም ቢሆን ነጻ አይደለም። ቲሲፒ አንድ ቁጥር ሲጎድልበት «እሱን አላገኘሁትም» እያለ ይደጋግማል። ላኪው ይህን ድጋሚ መልስ ሦስት ጊዜ ከሰማ ፓኬቱ የጠፋ ይመስለውና እንደገና ይልካል፤ ፍጥነቱንም ይቀንሳል። የጠፋ ነገር ሳይኖር፣ ተራ ስለተዛባ ብቻ፣ ሁሉም ይጓተታል። በስልክ ንግግር ላይ ደግሞ ዘግይቶ የመጣ ድምፅ ቦታው አልፎበታልና ይጣላል። ተራ ማጣት ብዙ ጊዜ ራሱን ከማጣት አይለይም።

ሰኔ 2012

ይህ ሁሉ ለእኔ የቴክኒክ ወሬ ብቻ ሆኖ ያልቀረበት ምክንያት አለ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ምሽት ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ውስጥ ተገደለ። በማግስቱ፣ ማክሰኞ ሰኔ 23፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፤ ተቋርጦም ከሁለት ሳምንት በላይ ቆየ። እኔ ያኔ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ።

ኢንተርኔት ሲቋረጥ ወሬ አልተቋረጠም፤ መንገድ ቀየረ እንጂ። በዜንደር፣ በሼርኢት፣ ያ ሁሉ ካልሆነ በብሉቱዝ፣ ከስልክ ወደ ስልክ መሄድ ጀመረ። እነዚህ ኢንተርኔት አይፈልጉም፤ ሁለት ስልክ ጎን ለጎን ከሆነ በቂ ነው። ቀድሞ ዘፈንና ፊልም የምንቀባበልባቸው ነበሩ። በእነዚያ ቀናት ግን የሰፈሩ ጎረምሶች በር ላይ ቆመው የሚቀባበሉት ዜና ነበር።

አጎቴ በዚያ ሰሞን መኪና ይዞ ከከተማ ወጥቶ ነበር። ስልኩ ሁለት ቀን አልሠራም። ሐሙስ ወደ ማምሻው ላይ አንድ የጎረቤት ልጅ ሁለት ቪዲዮ ይዞ መጣና ወደ እኛ ስልክ ላከው። በመጀመሪያ የገባው ላይ መንገዱ ተከፍቶ መኪኖች ቀስ እያሉ ያልፋሉ። የአጎቴ ሚስት አይታ እፎይ አለች። ሁለተኛው ገባ። እዚያው ቦታ ነው፤ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል፣ ጎማ ይነዳል፣ የቆሙት መኪኖች መሐል የእሱን የምትመስል ነጭ መኪና አለች። የስልኩ ዝርዝር ላይ የመጀመሪያው 11 ሰዓት ከ10፣ ሁለተኛው 11 ሰዓት ከ12 ይላል። በእሷ ዓይን መንገዱ ተከፍቶ ነበር፣ አሁን ደግሞ ተዘጋ፣ እሱም መሐል ላይ ነው። ነጠላዋን አንስታ ወጣች። በዚያን ሰሞን በዚያ ሰዓት ደጅ መውጣት ራሱ የሚያስፈራ ነበር፤ የት እንደምትሄድም አታውቅም። እናቴ በር ላይ ይዛት ታለቅሳለች፣ እሷም ታለቅሳለች።

የእድራችን ጸሐፊ ጩኸት ሰምተው መጡ። በዕድሜ የገፉ፣ ስማርት ስልክ የማይዙ ሰው ናቸው። ነገሩን ሲሰሙ መጀመሪያ የጠየቁት «ቀኑ መቼ ነው?» ብለው ነው። «ዛሬ ነው የገባው» አልናቸው። «የገባበትን መች ጠየቅኳችሁ? የተነሳበትን ነው እንጂ! ቁጥርና ቀን በሌለው ደብዳቤ ነው እንዴ የምትላቀሱት?» አሉ። ከዚያ ሁለቱንም ቪዲዮ ድምፁን ከፍ አድርገን ደጋግመን እንድናሳያቸው አዘዙን። መንገዱ የተዘጋበት ላይ የሚቀርጸው ሰው ድምፅ ይሰማል፤ በመሐል «ዛሬ ማክሰኞ» ይላል። የተከፈተበት ላይ ማንም ቀን አይጠራም። ነገር ግን ድንጋዮቹ ወደ ዳር ተገፍተዋል፤ ጎማው የነደደበት ቦታ ጥቁር አመድ ብቻ ቀርቷል። እሳዉ ሳይነድ አመድ አይኖርም። መዘጋቱ የቀደመው፣ መከፈቱ የተከተለው ነበር። እኛ ስልክ ላይ የገቡት በተቃራኒው ነው፤ ልጁ የላካቸው እጁ እንደመራው ነበርና።

አጎቴ በማግስቱ ጠዋት ገባ። የስልኩ ባትሪ አልቆ ነበር፤ መኪናዋም የእሱ አልነበረችም። ለእኔ ግን ከዚያ ቀን የቀረው ያ የእድር ጸሐፊ ጥያቄ ነው። የገባበት ነው የተነሳበት?

ወደ ሙያችን ስንመጣ

ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ አስቀምጡልኝ። ራውተሩ የሰጠው ቁጥር መንገዱ ሲቀየር ዋጋ አጣ፤ ላኪው ውስጥ ያስቀመጠው ቁጥር ግን በየትኛውም መንገድ ሠራ። የእኛ ስልክ የሰጠው ሰዓት ዋጋ አልነበረውም፤ ቀራጩ በአፉ የተናገረው «ዛሬ ማክሰኞ» ግን ስንት ስልክ አቋርጦ ሳይበላሽ ደረሰ። እኔ ማለት የምፈልገው ይህንኑ ነው። አገናኙ ከመሐል ሲወጣ ተራ የሚያስከብረውም አብሮ ይወጣል፤ ስለዚህ ተራው ከመልእክቱ ውስጥ መገኘት አለበት።

ሬዲዮና ጋዜጣ ብቻ በነበረበት ጊዜ ተራ አስከባሪው አዘጋጁ ነበር። የጠዋት ዜና የማታውን አይከተልም፤ የትናንት ጋዜጣ የዛሬ ቀን አይታተምበትም። ዛሬ አንድ ሰው የቀረጸው ነገር በቀጥታ ሌላ ሰው ስልክ ላይ ይገባል። ቴሌግራም ላይ የተላለፈ መልእክት ቢያንስ ከየት እንደተላለፈ ብዙ ጊዜ ምልክት ይይዛል። በዜንደር የገባ ቪዲዮ ግን እንደ ሜዳ ልጅ አባቱን አይናገርም። በሌላው ዓለም ደግሞ መቀያየሩ እየበዛ ነው። የአፕል ኤርድሮፕ ለምሳሌ ከ2023 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በቀጥታ የጀመረውን መላላክ ስልኮቹ ሲራራቁ በኢንተርኔት በኩል መጨረስ ይችላል። መንገዱ መቀየሩን ተጠቃሚው ልብ አይለውም።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ጥቂት ተግባራዊ ነገሮች ልጠቁም።

አንደኛ፣ የፋይል ሁለት ቀን አለው፤ የውጭና የውስጥ። በብሉቱዝ ወይም በዜንደር የደረሰን ፎቶ የስልካችን ዝርዝር ላይ የሚያሳየው ቀን ብዙውን ጊዜ የገባበት ነው። ካሜራው በፎቶው ውስጥ የጻፈው ቀን ግን ፋይሉ እንዳለ ስለሚተላለፍ አብሮ ይመጣል፤ የፎቶውን ዝርዝር መረጃ ከፍታችሁ እዩት። በዋትስአፕ እንደ ፎቶ ሲላክ ይህ የውስጥ መረጃ ይራገፋል፤ እንደ ሰነድ ሲላክ ግን ይቆያል። ስለዚህ ለማስረጃ የምትፈልጉትን «እንደ ሰነድ ላክልኝ» በሉ። የካሜራውም ሰዓት በትክክል ተሞልቶ እንደነበር መጠየቅ አትርሱ።

ሁለተኛ፣ የእኛ አገር ሰዓትና ቀን ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስልኩ 09:00 ብሎ የመዘገበውን ሰው «3 ሰዓት» ይለዋል። ስልኩ 20200630 ብሎ የሰየመው ለእኛ ሰኔ 23 ቀን 2012 ነው። ከሁሉ የሚከፋው የሌሊቱ ነው። ስልኩ ቀን የሚቀይረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ሲሆን፣ ሰው ግን «ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ» ሲል እንደ ተናጋሪው ሁለት የተለያየ ሌሊት ሊሆን ይችላል። ለዚህ ቋንቋችን ጥሩ መፍትሔ አለው፤ «ለረቡዕ አጥቢያ» ሲባል አያሻማም። ቃለ መጠይቅ ስታደርጉ «የማክሰኞ ነው ወይስ ለማክሰኞ አጥቢያ?» ብላችሁ ጠይቁ። በአንድ ቃል የአንድ ቀን ስህተት ይድናል።

ሦስተኛ፣ ስትቀርጹ በድምፃችሁ ቁጥር ስጡ። በመስክ ዘገባ ኮርስ ላይ አምስትና ስድስት ሆነን እንወጣለን፤ እያንዳንዱ በራሱ ስልክ ይቀርጻል። ማታ ሁሉም ወደ አንዱ ስልክ ይላካል፤ የፋይሎቹን ስም የሚያወጣው ስልኩ ነው። የእኛ ቡድን ከባለፈው ሴሚስተር ጀምሮ እያንዳንዱን ቅጂ «ቅጂ 3፣ ጥቅምት 12፣ ጠዋት 4 ሰዓት፣ አዲሱ ገበያ አትክልት ተራ» እያለ ነው የሚጀምረው። ሲያልቅም «ቅጂ 3 አበቃ» እንላለን። መሐንዲሶቹ «የመጨረሻው ይህ ነው» የሚል ምልክት እንደሚልኩት ማለት ነው። የእንግሊዝኛው ዓለም ጋዜጠኞችም ረጅም ዜና ከፋፍለው ሲልኩ ለየክፍሉ ቁጥር እየሰጡ መጨረሻው ላይ «30» የሚል ምልክት ያደርጉ የነበረው ለዚሁ ነው። ሰከንዶች ብቻ ይወስዳል። ስትቆርጡ ደግሞ ማን ለየትኛው ጥያቄ ምን እንደመለሰ አይጠፋችሁም። «አዎ» የሚለው መልስ ከሌላ ጥያቄ ኋላ ከገባ፣ የሰውየው ድምፅ የራሱ ቢሆንም ንግግሩ የራሱ አይደለም።

አራተኛ፣ መታገስ። ተቀባዩ ስልክ ቋት ውስጥ ይዞ እንደሚጠብቀው፣ ተራው ያልታወቀ ነገር ሲደርሰን ከማስተላለፋችን በፊት የጎደለውን እንጠይቅ። ገደብ አስቀምጠን ካልመጣም «ይህ የተቀረጸበት ጊዜ አልተረጋገጠም» ብለን እንናገር። የማናውቀውን ቁጥር ከኪሳችን አውጥተን አንለጥፍ።

አገራችን ውስጥ ከቀበሌ እስከ ሚኒስቴር የሚወጣ ደብዳቤ ሁሉ ራስጌው ላይ «ቁጥር» እና «ቀን» አለው። ብዙዎቻችን የቢሮ ሥርዓት ብቻ ይመስለናል። ለካ ደብዳቤው በፖስታ ሄደ፣ በሰው እጅ ሄደ፣ ዘገየ፣ ቀደመ፣ ተራውን ይዞ እንዲሄድ የተደረገ ነው። የትምህርት ክፍላችን የመስክ ዘገባ መመሪያ ሲሻሻል ይህች የቅጂ ቁጥር ነገር እንድትገባበት መምህራኖቻችንን በትሕትና እጠይቃለሁ። ጓደኞቼም ነገ ጠዋት መቅረጫችሁን ስትከፍቱ ከሁሉ በፊት ቁጥሩንና ቀኑን ተናገሩ። ያ ድምፅ የት እንደሚደርስ፣ በየትኛው መንገድ፣ ማን በር ላይ ነጠላዋን ይዛ እንደምትሰማው ከእናንተ አንዳችሁም አታውቁም። ቸር ያሰማን!